«ወረደ ወይስ አልወረደም?»፦ በአሜሪካ ለምትገኙ የአማርኛ ዜና አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ በዳላስ፣ በአትላንታና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ የአማርኛ ዜና ለምታዘጋጁ ወገኖቼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለነቀፋ አይደለም። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው ለሚውሉ ወንድሞቻችንና ሌሊቱን በሆስፒታል ተረኛ ሆነው ለሚያድሩ እህቶቻችን የዚህን አገር ፖለቲካ የምታደርሱላቸው እናንተ መሆናችሁን አውቃለሁ። እኔም በ1990ዎቹ በዋሽንግተን ታክሲ ከሚነዱት አንዱ ስለነበርኩ፣ የአማርኛ ዝግጅት ባይኖር ኖሮ የኮንግረስ ሕንፃ ለእኔ ተሳፋሪ የማወርድበት አድራሻ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከዚያ የምወጣበት ቦታ ሲኖር እናገራለሁ።)

የማነሳው ጉዳይ አንድ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤቶች ፕሬዚዳንቱን ወይም አስተዳደሩን መመርመር ሲጀምሩ፣ ያ ምርመራ በፕሬዚዳንቱ የሕዝብ ድጋፍ ላይ ምን እንደሚያስከትል ለአድማጭ የምትነግሩበት መንገድ መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። እስከ ዛሬ ስሰማው የኖርኩት ዘገባ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ ምርመራው በተከፈተ ማግስት «ፕሬዚዳንቱ አለቀላቸው» ይባላል፣ ወይ ደግሞ የአስተያየት ጥናቱ ቁጥር ሳይነቃነቅ ሲቀር «ነገሩ ሁሉ ከንቱ ትርኢት ነበር» ተብሎ ይዘጋል። ሁለቱም አድማጩን ያሳስታሉ፤ ምክንያቱም ምርመራ የፕሬዚዳንትን ድጋፍ የሚሸረሽርበት ጊዜም፣ ምንም የማያደርግበት ጊዜም፣ አልፎ ተርፎም የሚያጠናክርበት ጊዜ አለና። ልዩነቱን የሚያመጣው ምን እንደሆነ ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ገጠመኝ ነው። በዲሴምበር 2019 የተወካዮች ምክር ቤት በፕሬዚዳንት ትራምፕ ላይ ክስ ባጸደቀ ማግስት፣ አብሮኝ ታክሲ ይነዳ የነበረ ወዳጄ ስልክ ደውሎ «ወረደ አይደል?» አለኝ። አልወረዱም፣ ገና የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት (ሴኔት) ያያቸዋል፣ እዚያም ለማስወገድ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልጋል ብዬ ባስረዳው ተናደደ። «ታዲያ በአማርኛ ‘ከሥልጣን እንዲወርዱ ተወሰነ’ ያሉን ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰውየው ነጻ ተባሉ፤ ወዳጄም ከዚያ ወዲህ ስለ ኮንግረስ የሚነገር ማንኛውንም ዜና ሲሰማ ጣቢያ ይቀይራል።

ጥፋቱ በከፊል የቃል ነው። «ምርመራ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ የራሱ ታሪክ አለው። ማዕከላዊ የሚባለውን የምርመራ እስር ቤት የሚያስታውስ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ የሚታየው የታሰረ ሰው እንጂ በቴሌቪዥን ፊት ጥያቄ የሚጠይቅ የሕዝብ ተወካይ አይደለም። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ በእኛው አቆጣጠር የ1966 ዓ.ም. ክረምት አለ። የዋሽንግተኑ የፍትሕ ኮሚቴ በፕሬዚዳንት ኒክሰን ላይ ድምፅ በሚሰጥባቸው በእነዚያው ሳምንታት፣ አዲስ አበባ ላይ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ሰብሳቢነት የሚመራው መርማሪ ኮሚሽን የንጉሠ ነገሥቱን ሹማምንት ጉዳይ ይመረምር ነበር። ኒክሰን በነሐሴ መጀመሪያ ሥልጣን ለቀው በአውሮፕላን ወደ ካሊፎርኒያ ቤታቸው ሄዱ። በእኛ በኩል ደግሞ የኮሚሽኑ ሥራ ሳይቋጭ፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ይህን ያየ ትውልድ «ምርመራ ተጀመረ» ሲባል መጨረሻውን ለመጠበቅ አንድ ሳምንት እንኳ ረጅም ቢሆንበት አይፈረድበትም። እናንተ ግን ይህን እያወቃችሁ ቃሉን ሳታብራሩ ስታልፉት፣ የአድማጩን የቆየ ፍርሃትና ተስፋ ሳታስቡት ትቀሰቅሳላችሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስና፣ ሁሉም ሰው እንደ ማስረጃ ከሚጠራው ከዋተርጌት ልጀምር፤ ይህ በ1972 የዴሞክራቶችን ዋና ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡ ሰዎች ጉዳይና ያንን ለመሸፋፈን የተደረገው ጥረት ነው። ሪቻርድ ኒክሰን በኖቬምበር 1972 በ49 ግዛቶች አሸንፈው ዳግም ተመረጡ። የቬትናም የሰላም ስምምነት በተፈረመበት በጃንዩወሪ 1973 መጨረሻ ጋሉፕ ባደረገው ጥናት፣ ሥራቸውን አጸድቃለሁ ያለው ሕዝብ 67 ከመቶ ነበር። በኦገስት መጀመሪያ ይህ ቁጥር 31 ሆነ። በመካከል የሆነውን ብዙዎቻችን እናውቃለን፦ በፌብሩወሪ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ77 ለ0 ድምፅ በሴናተር ሳም ኧርቪን የሚመራ ልዩ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው በሜይ 17 ምስክር መስማት ጀመረ፤ የፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪ የነበሩት ጆን ዲን በጁን ማብቂያ 245 ገጽ ቃላቸውን አነበቡ፤ በጁላይ 16 ደግሞ አሌክሳንደር ባተርፊልድ የተባሉ የቀድሞ የኋይት ሐውስ ሹም፣ በፕሬዚዳንቱ ቢሮ የሚነገረው ሁሉ በድምፅ መቅጃ ይቀረጽ እንደነበር ተናገሩ። ሦስቱ ታላላቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ስብሰባውን በተራ ያስተላልፉ ነበር፤ የሕዝብ ቴሌቪዥኑም ማታ ማታ ይደግመው ነበር። ከአሥር አሜሪካውያን ሰባቱ የተወሰነውን በቀጥታ እንዳዩ ለጋሉፕ ተናግረዋል።

ይህን ታሪክ በችኮላ የሚያወራ ሰው «ምርመራው ኒክሰንን ጣላቸው» ይላል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። ኮሚቴው የመጀመሪያውን ምስክር ከመስማቱ በፊት የኒክሰን ቁጥር ከ50 በታች ወርዶ ነበር፤ የቅርብ ረዳቶቻቸው ሃልደማንና ኤርሊክማን በኤፕሪል 30 ሥራ ለቀው፣ የዋተርጌት ሰርሳሪዎች ጉዳይም በዳኛ ሲሪካ ችሎት እየተገለጠ ነበርና። በዚያው የጸደይ ወራት የሥጋ ዋጋ ከመወደዱ የተነሳ የቤት እመቤቶች ሥጋ ላለመግዛት አድመው ነበር። በኦክቶበር ደግሞ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣ። እንግዲህ ከ67 ወደ 31፣ ከዚያም ወደ 24 የወረደውን ቁጥር እያንዳንዱን ነጥብ ለሴናተር ኧርቪን ኮሚቴ መስጠት የሌላውን ሁሉ ድርሻ መካድ ነው።

ከዚህም ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር፣ ሥራን አለማጽደቅና «ይውረዱ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ኮሚቴው ሥራውን በቴሌቪዥን በሚያካሂድበት በ1973 ክረምት፣ ኒክሰን ከሥልጣን መወገድ አለባቸው የሚለው ሕዝብ ከሩብ ብዙም አይበልጥም ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ወደዚያ ሐሳብ የመጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ በኦገስት 1974 መጀመሪያ 57 ከመቶ ደርሶ ነበር። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ጉዳዩን የያዙት ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተባረዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጂዎቹ እንዲሰጡ በ8 ለ0 ወስኗል፤ የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴም የመጀመሪያውን የክስ አንቀጽ በ27 ለ11 አጽድቋል። ከ27ቱ 21ዱ ዴሞክራቶች ሲሆኑ ስድስቱ ግን የፕሬዚዳንቱ የራሳቸው ፓርቲ አባላት ነበሩ። በኦገስት 7 ማታ ወደ ኋይት ሐውስ ሄደው «በምክር ቤቱ ድምፅ የለዎትም» ያሏቸውም ጎልድዋተር፣ ስኮትና ሮድስ ሦስቱም ሪፐብሊካን ናቸው።

እኔ እንደማምነው የዋተርጌት ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። «ፕሬዚዳንቱ ምን ያውቁ ነበር? መቼስ አወቁት?» የሚለውን ዝነኛ ጥያቄ የጠየቁት የኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ፣ የቴነሲው ሪፐብሊካን ሃዋርድ ቤከር ናቸው። ሲጠይቁት ፕሬዚዳንቱን ለማዳን ያሰቡበት ነበር ይባላል፤ ከተጠየቀ በኋላ ግን ጥያቄው የተቃዋሚ ፓርቲ ጥያቄ መሆኑ ቀረ። ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው የኒክሰን መራጭ «ይህ የዴሞክራቶች ሴራ ነው» ለማለት የራሱን ሴናተር መካድ ነበረበት። እንዲያም ሆኖ ኒክሰን በለቀቁበት ሰሞን እንኳ ከሪፐብሊካን መራጮች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት አልተለዩዋቸውም። በእኛ ቋንቋ ስለ ዋተርጌት ሲነገር ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ሮናልድ ሬገን እንምጣ። በኖቬምበር 1986 አስተዳደሩ ለኢራን በስውር መሣሪያ መሸጡ፣ ከሽያጩም የተገኘው ገንዘብ በከፊል ለኒካራጓ አማፂያን መተላለፉ ሲታወቅ፣ በጋሉፕ ጥናት 63 የነበረው ቁጥር በሁለት ወር ውስጥ 47 ሆነ። እስቲ ቀኖቹን ተመልከቱ። የሁለቱ ምክር ቤቶች ጥምር ኮሚቴ ምስክር መስማት የጀመረው በሜይ 1987 ነው። ስለዚህ ትልቁ ጉዳት የደረሰው ምስጢሩ በወጣ ጊዜ እንጂ ምርመራው በተካሄደ ጊዜ አይደለም። ምርመራው ሲመጣ እንዲያውም ያልተጠበቀ ነገር ሆነ፦ ሌተና ኮሎኔል ኦሊቨር ኖርዝ የደንብ ልብሳቸውን ከነሜዳሊያቸው ለብሰው ቀርበው፣ ጠያቂዎቻቸውን መልሰው እየጠየቁ፣ በብዙ አሜሪካዊ ዘንድ ጀግና ሆነው ወጡ። አለቃቸው አድሚራል ፖይንዴክስተርም የገንዘቡን ዝውውር ለፕሬዚዳንቱ አልነገርኳቸውም ብለው መሰከሩ። በዋተርጌት አንድ ምስክር የድምፅ ቅጂ መኖሩን ገልጦ ፕሬዚዳንቱን አጋለጠ፤ በዚህኛው ግን አንድ ምስክር ጥፋቱን በራሱ ትከሻ ላይ አድርጎ ፕሬዚዳንቱን አስመለጠ። ሬገን ሥልጣናቸውን ሲያስረክቡ ቁጥራቸው ወደ 63 ተመልሶ ነበር።

የቢል ክሊንተንን ዘመን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ይልቁንም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ ብል ይሻላል፤ ታክሲዬ ውስጥ የማይሳፈር አልነበረምና። በ1998 ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር የሚወራው ወሬ አንድ ነበር። ከካፒቶል ሂል የሚሳፈሩ ወጣት ረዳቶች «በገና ሰሞን አይኖሩም» ይሉ ነበር፤ ከኤርፖርት የማመጣቸው የገጠር ሰዎች ደግሞ «ሰውየው ባለጌ ነው፣ ሥራውን ግን ያውቃል» ይሉኝ ነበር። ትክክል የነበሩት የገጠሮቹ ናቸው። በጃንዩወሪ 1998 ክሊንተን ከኋይት ሐውስ ተለማማጅዋ ከሞኒካ ሌዊንስኪ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ቅሌት ከመሰማቱ በፊት 60 ከመቶ የነበረው የክሊንተን ቁጥር በወሩ ማብቂያ 69 ሆነ፤ የተወካዮች ምክር ቤት ክሱን ባጸደቀበት በዲሴምበር 19 ሰሞን 73 ደረሰ። ጋሉፕ በእሳቸው የሥልጣን ዘመን ሁሉ ከመዘገበው ይህ ከፍተኛው ነው። በመካከሉም በኖቬምበሩ ምርጫ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አምስት መቀመጫ አተረፈ፤ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪችም በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ቀደም ሲል በዋይትወተር የመሬት ንግድ ጉዳይ የክሊንተንን ቤተሰብ ሲመረምር የነበረውን የሴኔት ኮሚቴ የመሩት ዳማቶም በዚያው ዓመት ምርጫ መቀመጫቸውን አጡ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንደኛው መልስ ኢኮኖሚው ነው፤ ሥራ አጥነት ዝቅ ብሎ፣ የመንግሥት በጀት ከ1969 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ ያሳየበት ዓመት ነበር። ሌላው ግን የጥያቄው ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ እናንተን የሚመለከት ነገር አለ። ጋሉፕ ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን ጀምሮ ሲጠይቅ የኖረው «ፕሬዚዳንቱ ሥራቸውን የሚያካሂዱበትን መንገድ ያጸድቃሉ ወይስ አያጸድቁም?» ብሎ ነው። «ይወዷቸዋል?» ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ «ይመርጧቸዋል?»ም አይልም ነበር። በዚያው ሰሞን አብዛኛው ሕዝብ ክሊንተን ታማኝ ሰው አይደሉም ይል ነበር፤ ሥራቸውን ግን ያጸድቅ ነበር። በአማርኛ ሁሉም ነገር «ተወዳጅነት» ወይም «ተቀባይነት» ተብሎ ሲተረጎም ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ አድማጩም አሜሪካውያን ውሸትን የሚወዱ ሕዝብ መስለው ይታዩታል።

በ2019 ደግሞ ቁጥሩ ለመነቃነቅም አሻፈረኝ አለ። የትራምፕ የመጀመሪያው ክስ የተነሳው ከዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ጋር ካደረጉት የስልክ ንግግር ነው። የመረጃና ደኅንነት ኮሚቴው በኖቬምበር አምባሳደሮችንና የጦር መኮንን ሳይቀር በአደባባይ አስመሰከረ። ምክር ቤቱ በዲሴምበር 18 ክሱን ሲያጸድቅ ከሪፐብሊካኖች አንድም ሰው አልደገፈም። በፌብሩወሪ 2020 ነጻ በተባሉበት ሰሞን ጋሉፕ ያወጣው ቁጥር 49 ነበር፤ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከነበራቸው ከፍተኛው። ከሪፐብሊካኖች 94 ከመቶው፣ ከዴሞክራቶች 7 ከመቶው ብቻ ያጸድቁላቸው ነበር። በመሀል ያለው 87 ነጥብ ልዩነት ከዚያ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም ነበር። አንድ ምርመራ ይህን ያህል ገደል ተሻግሮ የማንን ሐሳብ ሊያስቀይር ይችላል? በአንድ በኩል ያለው ሰው ከመጀመሪያውም አያጸድቅም፤ በሌላ በኩል ያለው ደግሞ መርማሪዎቹን አያምንም።

በጃንዩወሪ 6 ቀን 2021 በካፒቶል ላይ የደረሰውን ጥቃት የመረመረው ኮሚቴ ሁለት ሪፐብሊካኖችን ይዞ ነበር፤ በጁን 2022 የመጀመሪያውን ስብሰባ በምሽት ሲያቀርብ 20 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመለከተው። ምክትል ሰብሳቢዋ ሊዝ ቼኒ በሁለት ወሩ በዋዮሚንግ በራሳቸው ፓርቲ የቅድሚያ ምርጫ ተሸነፉ፤ ትራምፕም በ2024 ተመልሰው ተመረጡ። ከራሳቸው ፓርቲ ሰው መቀላቀሉ በኒክሰን ጊዜ ያስገኘውን በዚህ ጊዜ ለምን አላስገኘም? እኔ የምሰጠው መልስ፣ ቤከር ወደ ጥያቄው ሲመጡ ፓርቲያቸው አብሯቸው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፤ ቼኒን ግን ፓርቲያቸው አስቀድሞ ከአመራር አስወጥቷቸዋል የሚል ነው። ብቻውን የወጣ ሰው ለመራጩ ምስክር ሆኖ አይታየውም፤ የከዳ ሰው ሆኖ ይታየዋል።

እንግዲህ «ምርመራ ምንም አያደርግም» ለማለት የሚቸኩል ካለ፣ ለእሱም መልስ አለ። ዳግላስ ክራይነርና ኤሪክ ሺክለር የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ከ1953 እስከ 2006 ድረስ ኮንግረስ ያካሄዳቸውን የምርመራ ስብሰባዎች ቀን በቀን ቆጥረው ከፕሬዚዳንቶቹ ቁጥር ጋር አስተያይተዋል። ኢኮኖሚውን፣ ጦርነቱንና የመሳሰለውን ለይተው ካስቀመጡ በኋላ ያገኙት ውጤት፣ በአንድ ወር ውስጥ ሃያ ተጨማሪ የምርመራ ቀናት ሲኖሩ የፕሬዚዳንቱ ቁጥር በአማካይ ወደ 2.5 ነጥብ ይወርዳል የሚል ነው። ሁለት ነጥብ ተኩል! ለአርዕስተ ዜና የሚበቃ አይደለም። ግን በጠባብ ልዩነት በሚወሰን ምርጫ፣ ወይም ድጋፉ በ50 አፋፍ ላይ ላለ ፕሬዚዳንት፣ ወሩ በወር ላይ ሲደራረብ ትንሽ ነገር አይደለም።

መንገዱም ግልጽ ነው። ጋዜጣ ያወጣው ምስጢር በሦስተኛው ቀን ይረሳል፤ ኮሚቴ ግን መጥሪያ ይልካል፣ ሰነድ ያስቀርባል፣ ምስክር ያስምላል፣ በየሳምንቱም ለጋዜጠኛው አዲስ ወሬ ይሰጠዋል። ፕሬዚዳንቱ ስለ ግብር ወይም ስለ ጤና መድን ሊናገሩ በወጡ ቁጥር የሚጠየቁት ስለዚያው ይሆናል። የሚያደማው ይህ ነው፤ አጀንዳን መቀማት። ከ1987ቱና ከ1998ቱ እንዳየነው ግን ሕዝቡ ነገሩን አስቀድሞ አውቆ ፍርዱን ከሰጠ፣ ወይም ምርመራው ከጥፋቱ የከፋ ከመሰለው፣ ድርጊቱ መልሶ መርማሪውን ያደማዋል።

ፖለቲከኞች ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ አንዳንዴም ምላሳቸው ያመልጣቸዋል። በሴፕቴምበር 2015 የሪፐብሊካኑ መሪ ኬቨን ማካርቲ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ሂላሪ ክሊንተን የማይሸነፉ ይመስሉ እንደነበር፣ የቤንጋዚ ልዩ ኮሚቴ ከተቋቋመ በኋላ ግን ቁጥራቸው እየወረደ መሆኑን እንደ ስኬት ቆጥረው ተናገሩ። በሊቢያዋ ከተማ በቤንጋዚ በ2012 በደረሰ ጥቃት አራት አሜሪካውያን ሞተዋል፤ አምባሳደሩም አንዱ ናቸው። ለእነሱ ሞት ምክንያት ሊያጣራ የተቋቋመ ኮሚቴ ዓላማው የዕጩ ቁጥር ማውረድ እንደነበር ከመሪው አፍ ሲሰማ ብዙ ሰው አዘነ። ማካርቲም በቀናት ውስጥ ከአፈ ጉባኤነት ውድድር ራሳቸውን አገለሉ። ያም ሆኖ የክሊንተን የግል ኢሜይል ጉዳይ ለአደባባይ የበቃው ያ ኮሚቴ ሥራ ላይ ሳለ ነው፤ እስከ ምርጫው ቀን ድረስም አልለቀቃቸውም። ስለዚህ «ዓላማው ፖለቲካ ነው» ማለት «ውጤት የለውም» ማለት እንዳልሆነ ከዚሁ ይታያል።

የምርመራን ዋጋ በፕሬዚዳንቱ ቁጥር ብቻ መመዘኑም ራሱ ስህተት ነው፤ በእናንተ ዘገባ ፈጽሞ የማይነሳውም ይኸው ነው። ከዋተርጌት በኋላ በ1974 የምርጫ ገንዘብ ሕግ ተጠናከረ፤ በኖቬምበሩም ምርጫ ዴሞክራቶች በተወካዮች ምክር ቤት 49 መቀመጫ ጨመሩ። በ1975 የስለላ ድርጅቶችን የመረመረው የሴናተር ቸርች ኮሚቴ ባወጣው ሐቅ መነሻነት፣ በ1978 መንግሥት በአገር ውስጥ ለስለላ ሥራ የስልክ ጠለፋ ለማድረግ የልዩ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ስልኩን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ከለመደ አገር ለመጣ አድማጭ ከዚህ የበለጠ ምን ዜና አለ?

የምለምናችሁን ነገር ልናገር። ምርመራ ሲከፈት መጀመሪያ ማን እንደሚመረምር ለይታችሁ ንገሩን፤ የኮንግረስ ኮሚቴ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር የተሾመ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት በአማርኛችን አንድ ላይ እየተጨፈለቁ ነው። ክሊንተንን ለዓመታት የመረመሩት ኬኔት ስታር የኮንግረስ ሰው አልነበሩም፤ ትራምፕን የሚመለከተው ሪፖርታቸው በ2019 የወጣው ሮበርት መለርም እንዲሁ። የኮሚቴ ስብሰባን «ችሎት» አትበሉት፤ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ የለበትምና። የተወካዮች ምክር ቤት የሚያጸድቀውን «ክስ» በሉት፤ መውረድ የሚባለው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ሲወስን ብቻ ነው፤ ይህም እስከ ዛሬ በአንድም ፕሬዚዳንት ላይ አልደረሰም። ኒክሰን ራሳቸው የወረዱት ለቀው ነው።

ቁጥር ስትጠቅሱም ብቻውን አታቅርቡት። ጥያቄው ምን እንደነበር፣ ባለፈው ወር ስንት እንደነበር፣ በየፓርቲው ሲከፈል ምን እንደሚመስል ጨምሩበት። አንድ ጥናት ከሌላው በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ቢለይ የናሙና ስህተት ሊሆን ስለሚችል «አሽቆለቆለ» ለማለት አትቸኩሉ። በዚያ ወር የነዳጅና የምግብ ዋጋ ምን እንደሆነም አስቡ፤ አድማጮቻችሁ ታንካቸውን ሲሞሉ ያዩታልና።

እናንተም የምታውቁት ሌላ ነገር አለ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በዋሽንግተን ከተማ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከተማዋ በፕሬዚዳንት ምርጫ ሦስት ድምፅ ብትኖራትም በምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላትም። ለእነሱ የኮንግረስ ምርመራ ከደጃቸው የሚካሄድ፣ እነሱ ግን በእንደራሴ የማይገኙበት ጉዳይ ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በቴክሳስ ያለነው ግን ተወካይ አለን። ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ ስብሰባ ሲጠራ ቲሸርት ለብሰን አዳራሽ እስክንሞላ ድረስ የተወካዮቻችንን ቢሮ ስልክ በቃል እናውቀዋለን። ተወካዩ በምርመራው ኮሚቴ ውስጥ ስለመኖሩና እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ግን ማንም አይነግረንም። በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ብታክሉበት፣ ያ ታክሲ ነጂ ወዳጄ ጣቢያ መቀየሩን ይተው ይሆናል።

ምርመራ በተከፈተ ቁጥር ከዝግጅታችሁ የምጠብቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ወረደ ወይስ አልወረደም?» የሚል ሳይሆን «ከራሱ ፓርቲ ማን አብሮ ፈረመ?» የሚል ነው። ደብዳቤዬን በአየር ላይ ብታነቡት ፈቃዴ ነው፤ ያጠፋሁት ነገር ካለም እዚያው ብታርሙኝ ቅር አይለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አድማጫችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ